«የጥናት ዕቅድ አጻጻፍ ጥበብ» ከባቱ አመልካች አንጻር ሲመዘን፦ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ለዶክተርነት ዲግሪ መማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መምህር ከሚገጥሙት እንቅፋቶች መካከል ከባዱ ወጪውን የሚሸፍንለትን አካል በጥቂት ገጾች ማሳመን ነው። እነዚህ ገጾች «የጥናት ዕቅድ» ወይም በተለምዶ «ፕሮፖዛል» ይባላሉ። የአመልካቹ የሥራ ልምድና የትምህርት ማስረጃ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ጥያቄው ካልጠራ ነፃ የትምህርት ዕድሉ ለሌላው ያልፋል። በመሆኑም የጥናት ዕቅድ አጻጻፍ የቢሮ ፎርም እንደ መሙላት የሚታይ ሳይሆን ራሱን የቻለ የትምህርት ጉዳይ ሆኖ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ከተጻፉት መመሪያዎች አንዱና በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚነበበው አዳም ፕሸቮርስኪና ፍራንክ ሳሎሞን ያዘጋጁት «የጥናት ዕቅድ አጻጻፍ ጥበብ» የተሰኘው አጭር ጽሑፍ ነው። ያሳተመው በ1923 የተቋቋመው (በዚህ ግምገማ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መቀመጫው ኒው ዮርክ የሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ሲሆን፣ መጀመሪያ በ1988 ወጥቶ በ1995 ተሻሽሏል። ከአዘጋጆቹ አንዱ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች ያጠኑ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ናቸው። የዚህ ግምገማ ዓላማ መመሪያው የሚሰጠውን ምክር በባቱ ከተማ ከሚኖር አመልካች ሁኔታ ጋር አገናዝቦ፣ የሚጠቅመውን ከማይበቃው መለየት ነው።

ባቱ ለዚህ ሚዛን የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ዝዋይ በሚለው ስሟ የምትታወቀው ይህች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ትገኛለች። በአካባቢው የዓሣ አስጋሪዎች፣ በሞተር ውኃ እየሳቡ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ከ2005 ወዲህ የተስፋፉ የጽጌረዳ እርሻዎች፣ የወይን ተክልና የወይን ጠጅ ፋብሪካ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ይገኛሉ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የዛይ ሰዎች ይኖራሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ጥያቄ እንዲህ በጠባብ ቦታ ተከማችቶ የሚገኝበት ሥፍራ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ በባቱና በአካባቢው የሚገኙት ሁለት የምርምር ማዕከላት፣ ማለትም የአዳሚ ቱሉ የግብርና ምርምር ማዕከልና የባቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ የተቋቋሙት ለእርሻ፣ ለከብትና ለዓሣ ነው። አዳማ ላይ የሚገኘውም ዩኒቨርሲቲ ከስሙ እንደሚታወቀው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የተመደበ ነው። ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ከመቶ 70 እጁን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጁን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድበው መመሪያም ዘርፉን አጥብቦት ቆይቷል። ስለዚህ በባቱ ስለ ሰው ኑሮ ጥያቄ ያለው መምህር ጥያቄውን ይዞ ወደ ሩቅ መሄድ ግዴታው ነው። ካልሄደ ጥያቄውን ሌላ ሰው ይጠይቅለታል፤ ሌላው የጠየቀው ደግሞ የግድ እርሱ ሊጠይቅ ያሰበው አይሆንም።

የመመሪያው ፍሬ ነገር

የመመሪያው ሐሳብ በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ገምጋሚው ማናቸውንም ዕቅድ ሲያነብ፣ አንደኛ ጥናቱ ቢካሄድ ዛሬ የማይታወቅ ምን ነገር እንደሚታወቅ፣ ሁለተኛ ያ ነገር መታወቁ ለምን እንደሚጠቅም፣ ሦስተኛ የሚደረስበት መደምደሚያ ትክክል መሆኑ በምን እንደሚረጋገጥ ለማወቅ ይፈልጋል። ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ ዕቅድ፣ ቋንቋው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከውድድር ይወጣል።

አዘጋጆቹ ከዚህ ተነሥተው ገምጋሚው ብዙ ዕቅዶችን በአጭር ጊዜ የሚያነብና አብዛኛውን ጊዜም ከአመልካቹ ሙያ ውጭ የሆነ ሰው መሆኑን ያስታውሳሉ። በዚህም ምክንያት ዋናው ጥያቄ በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲቀመጥ፣ የሙያ ቃላት እንዲቀንሱ፣ የጥናቱ ዘዴም የሥራዎች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን «ሌላው መንገድ ሳይሆን ይኸኛው ለምን ተመረጠ» ለሚለው መልስ እንዲሆን ይመክራሉ።

የመመሪያው ዋና ጠንካራ ጎን ዕቅዱን እንደ ቅጽ ሳይሆን እንደ ክርክር ማየቱ ነው። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የተለመደው አቀራረብ ከዚህ ይለያል። ተማሪው የጥናቱ መነሻ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዐቢይ ዓላማ፣ ንዑሳን ዓላማዎች፣ ጠቀሜታ፣ ወሰን፣ ውሱንነትና የጥናቱ ዘዴ የሚሉ ርእሶችን በተራ እንዲሞላ ይለማመዳል። ርእሶቹ በራሳቸው ስሕተት የለባቸውም። ጉዳቱ የሚመጣው ርእሶቹ ሁሉ እኩል ቦታ በመያዛቸውና ጥያቄው በመካከላቸው በመጥፋቱ ነው። ዓላማው ከጥያቄው ቃል በቃል ይገለበጣል፤ ጠቀሜታው «ለፖሊሲ አውጪዎችና ለወደፊት ተመራማሪዎች ያገለግላል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። ገምጋሚው ስምንት ርእስ አንብቦ አንድ ክርክር ሳያገኝ ይቀራል።

«እስካሁን አልተጠናም» የሚለው መከራከሪያ

የመመሪያው የመጀመሪያ ጥያቄ በአገራችን አመልካቾች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይመለሳል። ለምሳሌ አንድ አመልካች «የሐይቅ ውኃ አጠቃቀምና ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ተጽዕኖው፦ የባቱ ከተማ እንደ ማሳያ» የሚል ርእስ ይዞ ቀረበ እንበል። በችግሩ መግለጫ ላይ የሕዝብ ብዛት መጨመሩን፣ ውኃው መቀነሱን ይዘረዝርና «ይሁን እንጂ በባቱ ላይ በዚህ ርእስ የተካሄደ ጥናት የለም» ብሎ ይደመድማል።

ይህ መከራከሪያ በሁለት በኩል ደካማ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የአንድ ቦታ አለመጠናት ብቻውን ለማጥናት ምክንያት አይሆንም፤ ያልተጠና ቀበሌ በአገሪቱ ውስጥ ሞልቷል። በሁለተኛ ደረጃ አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም። ስለ ሐይቁ ውኃ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ አበባ እርሻ ሠራተኞችና ስለ ዛይ ቋንቋ በአገር ውስጥም በውጭም ተጽፏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎቹን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የኤሌክትሮኒክስ ማኅደር ስለሚያኖር፣ ገምጋሚው የአመልካቹን ቃል በጥቂት ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል። «የለም» የተባለው ከተገኘ አመልካቹ እምነት ያጣል።

ያው ርእስ በሌላ አቅጣጫ ቢታይ ግን ብርቱ ጥያቄ ይወጣዋል። ሐይቁ ውኃውን በዋናነት ከመቂና ከከታር ወንዞች ይቀበላል፤ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ደግሞ ወደ አብያታ ሐይቅ ይለቃል። ስለዚህ ላይኛው ተጠቃሚ የወሰደው ከታችኛው ይጎድላል። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጋራ ሀብት ሁሉም እንደ ልቡ የሚወስድበት ከሆነ መጥፋቱ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎች ያለ መንግሥት አስገዳጅነትም ያለ ግል ባለቤትነትም ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሀብቱን ለዘመናት ጠብቀው የኖሩባቸውን ሥፍራዎች አሳዩ፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ኦስትሮም የመረመሯቸው ማኅበረሰቦች በአብዛኛው አነስተኛና በአቅም የሚቀራረቡ ነበሩ። በባቱ ዳርቻ ግን አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር በኪራይ የያዘ ገበሬ፣ ጀልባ ያለው አስጋሪና በመቶ የሚቆጠር ሄክታር በመስተዋት ቤት የሸፈነ ኩባንያ ከአንድ ሐይቅ ይቀዳሉ። እንግዲህ ጥያቄው «በአቅም እጅግ የሚራራቁ ተጠቃሚዎች የጋራ ደንብ ሊያወጡ ይችላሉን? ካልቻሉስ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። ይህ ጥያቄ ለባቱ ነዋሪ የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ለማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ የታወቀ ንድፈ ሐሳብ ያልደረሰበት ዳር ነው። አመልካቹ «ባቱ አልተጠናችም» ማለቱን ትቶ «ባቱ የሚታወቀውን ትፈትነዋለች» ለማለት ይችላል።

ከቀድሞ ሥራዎች የሚገኝ ትምህርት

ከአንድ ሥፍራ የተነሣ ጥያቄ ለዓለም ዕውቀት ሊተርፍ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ከኦሮሚያ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1978፣ የዶክተርነት ትምህርትን የጀመረው ደግሞ በ1987 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ምሁራን ጥያቄያቸውን ለባዕድ ገምጋሚ ማስረዳት ነበረባቸው። ከእነዚህም አንዱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ናቸው።

አስመሮም በቦረና የገዳ ሥርዓት ላይ ያካሄዱት ጥናት በ1973 በመጽሐፍ ወጥቷል። በሥርዓቱ ልጅ የሚገባበት ክፍል የሚወሰነው በዕድሜው ሳይሆን ከአባቱ ጋር ባለው የትውልድ ርቀት ነው። እያንዳንዱ የገዳ ዘመን 8 ዓመት ሲሆን፣ አባትና ልጅ በአምስት ዘመን፣ ማለትም በ40 ዓመት ይለያያሉ። አባቶች በተለያየ ዕድሜ ስለሚወልዱ ከጊዜ ብዛት በአንድ ክፍል ውስጥ ሕፃንም ሽማግሌም ይገኛል። አስመሮም ይህን በትረካ ብቻ አላለፉትም፤ የቤተሰብ ቆጠራ ሰብስበው፣ ደንቡ በብዙ ትውልድ ውስጥ ምን ውጤት እንደሚያመጣ በኮምፒውተር ስሌት ፈተኑት። የአንድ ሕዝብ ሥርዓት ስለ ዕድሜና ስለ ትውልድ ክፍሎች በጠቅላላው በሚደረገው ክርክር ውስጥ ቦታውን ያዘ። መጽሐፉ ከመመሪያው 15 ዓመት ይቀድማል፤ ሆኖም ሦስቱን ጥያቄዎች አሟልቶ ይመልሳል።

ሦስተኛው ጥያቄና የናሙና ቀመር

በአገራችን ዕቅዶች ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎድለው ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። የተለመደው አሠራር የነዋሪውን ብዛት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወስዶ የያማኔን ቀመር መጠቀም፣ ከዚያም መጠይቅ አሰራጭቶ መልሱን በኮምፒውተር መተንተን ነው። ቀመሩ የሕዝቡ ብዛት 10,000 ሲሆን በ5 ከመቶ የስሕተት ገደብ 385 ሰው ይሰጣል፤ ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ደግሞ ከ400 አያልፍም። ለዚህ ነው በልዩ ልዩ ርእስ የተጻፉ ዕቅዶች ተቀራራቢ የናሙና ቁጥር ይዘው የሚገኙት።

ቀመሩ በቦታው ሲገባ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ስንት ሰው እንደሚጠየቅ እንጂ ማን ምን ቢጠየቅ መልሱ እንደሚያስተማምን አይናገርም። ከላይ የተነሣውን የውኃ ጥያቄ ለመመለስ 385 አባወራዎችን «የውኃ አጠቃቀሙ ፍትሐዊ ነው ብለው ያምናሉ?» ብሎ መጠየቅ የሰዎችን ቅሬታ ይለካል፤ ደንብ መኖር አለመኖሩን ግን አይገልጥም። ለዚህ በበጋ ወራት ማን መቼ እንደሚስብ ቆሞ መመልከት፣ በመቂና በባቱ በኩል ያሉትን የገበሬ ማኅበራት ማነጻጸር፣ የተነሡ ጠቦችና ዕርቆች እንዴት እንደተፈጸሙ ከሽማግሌዎችና ከመዝገብ መከታተል ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ አመልካቹ «ይህ ከተገኘ ግምቴ ስሕተት ነበር ማለት ነው» የሚልበትን ማስረጃ አስቀድሞ ሊያመለክት ይገባዋል። ይህን ያደረገ ዕቅድ በገምጋሚ ዘንድ ያለው ክብደት ከቀመር ሁሉ ይበልጣል።

በዚህ ክፍል አመልካቹ ያለውን ሀብት መዘንጋቱም ይታያል። መመሪያው የቋንቋ ችሎታና ወደ መስኩ የመግባት ዕድል በግልጽ እንዲጠቀስ ይመክራል። ከባቱ የሚያመለክት መምህር አፋን ኦሮሞና አማርኛ መናገሩን ለማንም የሚያስደንቅ አድርጎ ስለማያየው ሳይጽፈው ያልፋል። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ግን ይህንኑ ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል። የደሴቶቹን ሰዎች ለማጥናት የሚያስብ ደግሞ ዛይኛን የማያውቅ ከሆነ እንዴት እንደሚማረው ወይም በማን እንደሚያስተረጉም መግለጥ አለበት።

መመሪያው ያላሰበው አመልካች

መመሪያው በሐሳቡ ትክክል ቢሆንም የታለመለት አንባቢ ከባቱው አመልካች የተለየ ነው። የተጻፈው አስቀድሞ በዶክተርነት ትምህርት ውስጥ ለሚገኝ፣ አማካሪ ለተመደበለት፣ ለመስክ ሥራው ገንዘብ ለሚፈልግ ተማሪ ነው። የባቱው አመልካች ግን አብዛኛውን ጊዜ መግቢያውንና ገንዘቡን በአንድ ጊዜ፣ ያለ አማካሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ምክሩን ከመተግበሩ በፊት የሚያመለክትበትን አገር ልማድ መለየት አለበት።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያውና የገንዘብ ድጋፉ በአብዛኛው ተያይዘው የሚሰጡ ሲሆን፣ ተማሪው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እያገለገለ ይማራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዝርዝር ዕቅድ ሳይሆን የዓላማ መግለጫ፣ ቀደም ሲል የጻፈው የጥናት ናሙናና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በዚህ ላይ የተጠናቀቀ ዕቅድ መላክ ከትምህርቱ ምንም እንደማይጠብቅ ሊያስመስለው ይችላል። በብሪታንያ በተቃራኒው ዕቅዱ ከመግቢያው በፊት ይፈለጋል፤ የመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች ድጋፍም ከ2021 ጀምሮ በተወሰነ መጠን ለውጭ አገር አመልካቾች ተከፍቷል። የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) ዕቅዱን የሚያየው ከተቀባዩ አማካሪ ደብዳቤ ጋር ሲሆን፣ በአብዛኞቹ መርሐ ግብሮቹ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይሆነው ይጠይቃል። በአገር ውስጥ ደግሞ አመልካቹ ከ2023 ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋል።

የስድስት ዓመቱ ገደብ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ወደ ክፍል የተመለሰ መምህር በየዓመቱ አንድ ያልበሰለ ዕቅድ ቢልክ፣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሩ ይዘጋበታል። ለምን እንደወደቀ ግን የሚነግረው አይኖርም፤ አብዛኞቹ ሰጪዎች የገምጋሚን አስተያየት ለተሸናፊው አይልኩምና። መመሪያው ረቂቁን አስቀድሞ ለሙያ ባልደረባ ማሳየትን እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረዋል። ባቱ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ለአነስተኛ ገቢ አገሮች በነፃ የተፈቀዱት ሳይንሳዊ መጽሔቶችም የሚገኙት በተቋማት በኩል እንጂ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስም አይደለም። በመሆኑም የመመሪያው ጉድለት በሐሳቡ ላይ ሳይሆን፣ ሐሳቡ የሚሠራበት መደላድል እንዳለ አድርጎ መነሣቱ ላይ ነው።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከዚህ በላይ እንደተመለከተው «የጥናት ዕቅድ አጻጻፍ ጥበብ» የሚያነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች በባቱም ሆነ በሌላ ሥፍራ የሚያገለግሉ ናቸው። የአገራችን ዕቅዶች በአብዛኛው የሚወድቁት ጥያቄ አጥተው ሳይሆን፣ የኑሮውን ጥያቄ ከዕውቀቱ ክርክር ጋር ባለማገናኘታቸው ነው። ይህ ደግሞ በትምህርት ሊታረም ይችላል።

ስለዚህ፦

1. በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው የምርምር ዘዴ ትምህርት ተማሪው ርእሶችን ከመሙላቱ በፊት ጥያቄውን፣ ጥቅሙንና ማረጋገጫውን በአንድ ገጽ እንዲከራከር ቢያስለምድ፤

2. ዩኒቨርሲቲዎች በክፍለ ሀገር ከተሞች ለሚያስተምሩ ምሩቃኖቻቸው የቤተ መጻሕፍት መብታቸው ከምረቃ በኋላም እንዲቀጥል ቢያደርጉ፤

3. እንደ አዳሚ ቱሉ ያሉ ማዕከላት በውስጣቸው የሚገኙ የኢኮኖሚና የኤክስቴንሽን ተመራማሪዎች የአካባቢውን አመልካቾች ረቂቅ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያዩበትን መድረክ ቢከፍቱ፤

4. በአካባቢው ላይ የተጻፈ የዶክተርነት ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር ፍሬ ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ለከተማው ቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ቤቶች ቢደርስ፣

ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊታይ ይችላል። የመጨረሻው ነጥብ ከሌሎቹ የተነጠለ አይደለም። ቀጣዩ አመልካች «እስካሁን አልተጠናም» ከማለቱ በፊት የተጠናውን ማንበብ አለበትና፤ ስለ ሐይቁ የተጻፈው በሐይቁ ዳር ካልተገኘ የሚያነበው የለም። የጥናት ዕቅድ ዝግጅት በኮሚቴ ፊት ይጀመራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሚጀመረው አመልካቹ ከዓመታት በፊት በሚያገኘው መጽሐፍ፣ በሚያነጋግረው አማካሪና በሚታረምለት ረቂቅ ነው፤ እነዚህን ማቅረብም ከአመልካቹ ይልቅ የትምህርት ተቋማት ድርሻ ነው።